ሁለት ጣት ጉም

ቅጹ ይጠይቃል፤ ቅጽ መቼ ያፍራል?
«ቁጥር አንድ፦ ዓላማ። በአጭሩ ይብራራል።»
ቦታው ጠባብ ሳጥን፣ ልኩ ፊደል ሁለት መቶ፤
ቦርከና በምን ይግባ፣ በየት በኩል ተጎትቶ?
ከጦሳ ጎን ፈልቆ፣ ደሴን በመሐል አልፎ፣
የገበያ ፌስታል፣ የቄራ እጣቢ አቅፎ፣
በዶሮ መዝለያ ዘሎ ኮምቦልቻ ሲደርስ
ማክሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቀይ የሚለብስ።
«ልጆች ወንዛቸውን እንዲያውቁ» ብዬ ጻፍኩ።
አሥራ አምስት ፊደል። የቀረው ሳጥን ጾሙን አደረ።

ፒያሳ ነኝ፣ ኢንተርኔት ቤት፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት።
ከኋላዬ ኳስ የሚያይ ጎረምሳ
በየደቂቃው «ግባ! ግባ!» ይላል።
እኔ ቁጥር ሁለት ላይ ነኝ፤ አልገባኝም።
«ተጠቃሚዎች፦ በጾታና በዕድሜ ተለይተው።»
አርባ ሁለት ልጆች፣ ሃያ ስድስቱ ሴቶች።
እንቁራሪቶቹስ? ጾታቸውን አላጣራሁም፣
ዕድሜያቸውንም ማን ጠይቋቸው ያውቃል።

በጀት፦
አርባ ሁለት ቦት ጫማ፣ አንድ ቴርሞሜትር፣
የናሙና ማጣሪያ፣ ገመድ ሃምሳ ሜትር፣
ለዝናቡ ላስቲክ፣ ለመንገዱ ዳቦ።
ደመርኩት። ደነገጥኩ። ዳቦውን ሰረዝኩ።
ቆይቼ መልሼ ጻፍኩት፤
ጦሳን በባዶ ሆድ የወጣ ያውቀዋል።

አምና ሌላ ቦታ ጠይቀን ነበር። ሰጡን፣ አይካድም፤
ባነር፣ ካናቴራ፣ አዳራሽ ለሁለት ቀን፣ ውሎ አበል።
«ከክፍል ውጭ ማስተማር» የሚባለውን ተማርን
መስኮት ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ፣
ስላይዱ እንዲታይ።
ስላይዱ ላይ የሰው አገር ተራራ፣
ከመጋረጃው ጀርባ ጦሳ።

«ቁጥር ስድስት፦ የማኅበረሰቡ መዋጮ፣ በብር ተተምኖ።»
ጋሽ ይመር ሚኒባሱን ቅዳሜ ከሰዓት ይሰጣል፣ ከተገኘ ናፍጣ፤
እትዬ ሽታዬ ሠላሳ የማርማላታ ብልቃጥ፣ ክዳኑ ሳይታጣ።
ዘበኛው አበጋዝ ጥላውን ይዞልኝ መጣ፦
«ይሄስ ስንት ያወጣል?»
ሁለት ሽቦ ይጎድለዋል።
«በፀሐይ ነው በዝናብ?» አልኩት።
አሰበበት። «በዝናብ ጻፈው፤ ይወደዳል።»

«ቁጥር ሰባት፦ የሚለካ ውጤት።»
እዚህ ላይ መብራት ሄደ።
«ግባ» ባዩም ዝም አለ።
በጨለማው ውስጥ የሆነ ሰው ሳቀ፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በማግሥቱ በእግር ወጣን፣ አሥራ አንድ ልጆችና እኔ፣
ያለ ቦት፣ ያለ ገመድ፤ ዳቦው ግን ነበረ፣ ከኪሴ ከጎኔ።
ጉም ነው። የደሴ ጉም፣ የት ይሄዳል ሌላ?
ከፊቴ ያለው ልጅ ሆነብኝ የጥላ ጥላ።
«ከዚህ ላይ ወንዙ ሲነሣ ይታያል» ያልኩት መምህር
የገዛ ጫማዬን እንኳ በግምት ስረግጥ ነበር።
ልጆቹ አላሉኝም ምንም። ዝምታቸው ከፋኝ።

ዘምዘም አራጋው፣ ሰባተኛ «ለ»፣
እጅ አውጥታ የማታውቅ፣
የአንገት ልብሷን ፈትታ ከጥዱ ቅርንጫፍ ሰቀለች።
ዳቦ በላን። ጠበቀች።
አውርዳ ጨመቀችው፣ በማርማላታው ብልቃጥ፦
ጠብ። ጠብ። ከዚያ ቀጭን ክር ሆኖ።
ጣቷን ከብልቃጡ ጎን አስጠጋች።
«ሁለት ጣት» አለች።
«ቲቸር፣ ቦርከና እዚህ ገና ቀለም አልለበሰም።»

ሰኞ ተመልሼ ቁጥር ሰባትን ሞላሁ፦
«ሁለት ጣት ጉም፣ በአንዲት ልጅ፣ በአንድ ሰዓት።»
ሳጥኑ በቀይ መለሰ፦ «እባክዎ ቁጥር ብቻ ያስገቡ።»
2 ብዬ ጻፍኩ።
ተቀበለኝ። የምን ሁለት? አላለም።

መልሱ በአርባ አምስት ቀን ይደርሳል ተብሏል።
ብልቃጡ መምህራን ክፍል መስኮት ላይ ነው፣ ተከድኖ።
ርዕሰ መምህሩ ባለፈ ቁጥር ቆም ይልና
«ይሄ የማን ውሃ ነው?» ይላል።
አልመልስለትም።
ቁጥር ስምንት መስሎኝ።