መሸኛ

ዝውውርህ ወጣ አሉኝ፣ ሙሄ፣ ጠዋት በፈረቃ መግቢያ፣
አርባ ምንጭ ነው አሉ ዕጣህ፤ እዚያም አለ ክር መፍተያ።
መሸኛህን ከቀበሌ፣ ክሊራንስህን ከካዝና፣
ይህን ሁሉም ይነግርሃል፤ እኔ ስለ ዓሣ ልንገርህ፣ ና።

ቁጭ በል ከድልድዩ ሥር። ቦርከና ዛሬ ቀልቷል፣
ሐረጎ ላይ ዘንቧል ማለት ነው፤ ደሴ ጉም ውስጥ ገብቷል።
እዚህስ ዓሣ የለም፣ አውቃለሁ፤ ግን ሐይቅ እስክንወጣ እሁድ
ሳምንቱን የሚያሻግረን፣ ይህችን ጭቃ የማየት ልማድ።

የሐይቅን ዓሣ እዚሁ ተወው፤ ያ ነው የመጀመሪያው ነገር፣
ጥላህን ሲያይ የሚሰወር፣ እንደ ባለ ዕዳ የሚያፍር።
የኛ ቆሮሶ ሊጥ ይሻል፣ በጣትህ የተድቦለቦለ፣
ቡሹ ሦስቴ እስኪነቀነቅ፣ እጅህ ካልቸኮለ
ይመጣል።

ጫሞ ግን ሌላ ነው። ሹፌሩ እንድሪስ ያወጋን ነበር፣
ናይል ፐርች ስለሚሉት ዓሣ፣
እንደ ወይፈን ጎትቶ ሰው ስለሚያንበረክክ በክር።
ከፋብሪካው «የተዋስነው»፣ እኛ ጠንካራ የምንለው፣
እዚያ ለጫማ ማሰሪያ ነው። ወፍራሙን ከዚያው ግዛው።

እንደ ሐይቅ ዳር እንዳትቀመጥ፣ እግርህን ውሃ ነክረህ፤
ግንድ ያልከው ዓይን ይገልጣል፣ ቢስሚላህ ሳትል ጨርሰህ።
አዞ ነው። ጉማሬም አለ። ማታ ለሣር ሲወጣ
በእሱና በውሃው መሀል የቆመ፣
ወሬ ነጋሪም አልመጣ።

ማኅበር አለ፣ ሄደህ ጠይቅ፤ ባለ ጀልባዎቹ ናቸው፤
ውሃው የሁሉ ቢመስልም፣ ጥግ ጥጉ ባለቤት አለው።
በሚፈለፍልበት ወራት፣ ዝጉ ከተባለ ዝጋ፣
ሽሮህን ብላ፣ ክርህን ጠቅልል፣ ደሞዝ እስኪወጣ ተረጋ።

«የሐይቅ ሰው ነኝ» ብትላቸው፣ «የቱ ሐይቅ?» ይሉሃል፤
የኛው ስሙ ራሱ ሐይቅ መሆኑን
ስታስረዳ መጀመሪያ ያስቅሃል፣
ማታ ብቻህን ስትሆን፣ እንጃ፣ ሌላ ያደርግሃል።

አንድ ወር መንጠቆ አትጣል።
ተቀመጥና እይ ብቻ፦ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ፣
ወፉ የት እንደሚወርድ፣ የሰፈር ልጆች በምን ትል
እንደሚያጠምዱ ዓሣ፣
ጋሞኛ ዓሣን ምን እንደሚለው።
ያን አንድ ቃል ከያዝክ፣ ሙሄ፣ ግማሹን ዓሣ አገኘኸው።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅክ? ጥያቄህ ፊትህ ላይ አለ።
እኔ ጫሞን አላየሁም፤
ያልኩህ ሁሉ ከእንድሪስ ጋቢና የተቃረመ ነው፣ የተለቀለቀ።

እንካ፣ ይህን ስድስት መንጠቆ፤ ዝገቱን በአሸዋ ፈትጌው፣
የጠቀለልኩበትን ወረቀት ግን አትጣለው፣ ፍታና እየው።
የዝውውር ደብዳቤ ነው። ሰማያዊው ማኅተም ደብዝዟል፣
«ወደ አርባ ምንጭ» ይላል ከላይ፣
ከሥር የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል፤
ስሙ የኔ ነው።

ያኔ እናቴ ታማለች አልኩ። ታማም ነበር፣ ውሸት አይደለም፤
በወሩ ግን ድና ገበያ ወጣች፤
እኔ ያንን መኪና አልተሳፈርኩም።
እሁድ እሁድ ሐይቅ ወጣሁ፣ ቡሹ ሦስቴ እስኪነቀነቅ ጠበቅሁ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ወፍራም ክር ሳልገዛ ሸበትሁ።

ስለዚህ ያ ወይፈን ሲይዝህ፣ የመጀመሪያው፣ ሲጎትትህ፣
ክሩን ለቀቅ አድርግለት ጥቂት፤ እጅህ ይቃጠል፣ ግድ የለህ።
አጥብቆ የያዘው ሰውዬ፣
ይኸው ቦርከናን ያያል።

አይሱዙው ስንት ሰዓት ይነሣል?
ፍራሽህን ለማሰር እመጣለሁ፤
የኔ ቋጠሮ አይላላም፣
እሱን እንኳ አውቃለሁ።