ጥያቄ አሥራ ሰባት

መብራት ሄደ ሽምብጥ፣ ሻማዬን ለኮስኩት፣
የዓምናን ጥያቄ ፊቴ ዘረጋሁት።
ሰኞ ነው ፈተናው፣ የሙያ ፈቃዱ፤
የሐይቁ ትንኞች ሻማው ላይ ነደዱ፣
ገጹ ላይ ወደቁ፣ ፊደል መሃል ቀሩ፣
አራት ነጥብ ሆነው ሐሳብ ሰባበሩ።

የቪየናው ሐኪም ሰውን ሦስት ይለዋል፦
አንዱ «አሁን ስጡኝ» እያለ ያለቅሳል፣
አንዱ ጅራፍ ይዞ በበር ላይ ይቆጣል፣
ሦስተኛው ምስኪን ነው፣ ሁለቱን ያስታርቃል፣
እንደ ባጃጅ ሹፌር፣ መንገዱ ተዘግቶ፣
ከኋላው ሲጮሁ ትራፊኩን ፈርቶ።
እኛ ሆድ ያባውን በብቅል ስናወጣ፣
እሱ በሶፋ ላይ ሕልም ጠርቶ አመጣ።

ጥያቄ አሥራ ሰባት፦
«አንድ ሰው ሥራ ቦታ አለቃው ይሰድበዋል።
ማታ ቤቱ ሲገባ ልጁን ይመታል።
ይህ የትኛው የመከላከያ ስልት ነው?
ሀ. ክህደት
ለ. የራስን በሌላ መለጠፍ
ሐ. ማዛወር
መ. መልሱ አልተሰጠም»

ለዚህስ ቪየና ድረስ መሄድ አያሻም፤
«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያለ ፈተና አይወድቅም።
ሐ ነው መልሱ፣ አውቀዋለሁ፤
እርሳሴ ግን አልወርድም አለ፣ ይዤው ቁጭ ብያለሁ።

አባቴ አስማረ ወደብ ነበር ሥራው፣
ከደቅ የመጣውን ጀልባ በገመድ የሚያስረው።
ካፒቴኑ ሰው ፊት ሲሰድበው፣
ከነጫማው ውኃ ሲያስገባው፣
«እሺ ጌታዬ» ይላል፣ ድምፁ ቅቤ ነው።
ማታ ግን ገመድ የለመደው እጁ
ወንድሜን እንየውን ያገኘዋል ከደጁ፤
ሳንቲም ባጎደለ፣
በር ባልዘጋ፣
ምንም ባላደረገ።

እናቴ ጀርባውን በለብታ ታጥብና
«ሆድ ይፍጀው» ትላለች።
ፈጀው።
ሆዷን ማለቴ ነው፤
ጨጓራ፣ የሐኪም ቤት ካርድ፣ በፌስታል የተቋጠረ ክኒን።
እንየው ዛሬ ሚኒባስ ይነዳል፤
ጡሩምባውን ሲሰሙ ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ይዘጋሉ።

እምቦጭን ከሩቅ ያየ አበባ ነው ይላል፣
ሐምራዊ፤ ሙሽራ ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል።
ከሥር ግን ሞተር ያንቃል፣ መረብ ይበላል።
በእጅ ነቀልነው፣ በዘመቻ ነቀልነው፣ ዳር ላይ ከመርነው፤
ዘሩ ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ክረምት ነው የሚጠብቀው።

ሐሙስ ዕለት አለቃዬ ሰው ፊት አዋረደኝ።
ሪፖርቱ ዘግይቷል አለ፤ እውነቱን ነው፣ ዘግይቷል።
«እሺ» አልኩ። ድምፄ ቅቤ ነበር።
ከሰዓት በኋላ ከዘጌ በጀልባ የመጡ
እማማ ማዘንጊያ፣
የልጅ ልጃቸውን ወረቀት በነጠላ ጫፍ ቋጥረው፣
ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው
«እባክሽ ልጄ» አሉኝ።
«ዛሬ አይሆንም!» አልኳቸው።
ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ስወረውረው
ድምፁን አወቅኩት፤
ገመድ ነው፣ ሳንቃ ላይ ሲያርፍ።
የመጨረሻው ጀልባ አምልጧቸው ነበር።
የት እንዳደሩ አልጠየቅኩም።

ስልኬ ጠራ። አባቴ ነው፣ ሰባ ሁለት ዓመቱ።
«አለፍሽ?» አለኝ።
«ገና ነው አባ፣ ሰኞ ነው።»
ዝም አለ። ከበስተጀርባው ውኃ ይሰማል፣
አሁንም ማታ ማታ ወደብ ሄዶ ይቀመጣል።
«ምን አለ መሰለሽ፣
ሳያልፍ አለፈ የሚባል ነገር አለ» አለኝ፤
ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራ።
የቱን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣
እሱም መልሶ አላነሳም።

መብራት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ።
ሐን አከበብኩት።
ከሥሩ፣ ማንም ነጥብ በማይሰጥበት ባዶ ቦታ፣
እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
ማዘንጊያ፣ ዘጌ። ማክሰኞ፣ በመጀመሪያው ጀልባ።
ከዚያ ደግሞ፣ ቀጠን አድርጌ፦
አለቃዬ ከፈቀደ።