የታችኛው ከንፈር

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ቁልቁል ቸርችልን የሚያይ
ጠባብ ክፍል አለን። ከአስፋልቱ ዳር ሆኖ፣
አንድ የታክሲ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ
"ለገሃር! ለገሃር! የሞላ!" ይላል፤
ድምፁ ደረጃ ወጥቶ እስከ አልጋው ይመጣል።

ረድኤት አትሰማም። ስድስት ዓመቷ ነው።
"ፊኛውን ንፊልኝ" ብላ ሲስተር ጠጂቱ ሸነገለቻት፣
አምስተኛው ትንፋሽ ላይ ዐይኗ ከዳት።
ሌሊት ሌሊት የሚያስለቅሷት፣
ማስታገሻ የሰለቻቸው፣
አራት የወተት ጥርሶች ናቸው።

መርፌውን ሳነሣ፣ ተማሪዬ ይትባረክ ከማስኩ በላይ አየኝና፣
"ተኝታ የለም እንዴ ዶክተር? ምን ያደርግላታል ይሄ ደግሞ እንደገና?"

ጥያቄው ደግ ነው። በሱ ዕድሜ እኔም ጠይቄአለሁ።
መልሱን ከአንድ የመርካቶ ልጅ ነው ያገኘሁ።
ያለ መርፌ ነቀልኩለት፤ አልተንቀሳቀሰም፣
ቅንድቡ እንኳ አልተኮማተረም፤
ቁጥሩ ግን፣ ያ አረንጓዴ ቁጥር፣ ከዘጠና ተነሥቶ
መቶ አርባ ገባ፣ እንደ ደነበረ በቅሎ ሽቅብ ወጥቶ።
ያን ቀን ገባኝ፦
ልጅ ይተኛል፤ ድድ ግን ዘብ ነው፣ አያንቀላፋም፤
ባለቤቱ ሳያውቅ የተመዘገበ ዕዳ
ሲነቃ ይጠብቀዋል እንጂ አይጠፋም።

"ስትነቃ እንዳያማት ነው" አልኩት ባጭሩ።
ወጋሁ። ጠበቅን። አራቱም ወጡ ከነሥሩ።
ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።
ኮራሁ፤ ምን እደብቃለሁ፣ ኮራሁ።

ከዚያ ነቃች።
እጇ ወደ አፏ ሄደ። የታችኛውን ከንፈሯን ፈለገችው፣
ነካችው፣ ጎተተችው፣ ቆነጠጠችው፣
ምራቋ በአገጯ እየወረደ፣ በተኮላተፈ አንደበት፣
"ጥርስ ነው ያላችሁኝ! ከንፈሬን ማን ወሰዳት?"
አለችና አለቀሰች።
ሕመም የሌለበት ለቅሶ ነው፤ መድኃኒት ቤት የማያውቀው፣
ሰው የገዛ ፊቱ ሲጠፋበት የሚያለቅሰው።

እናቷ ብርዛፍ ከኮሪደሩ ደረሰች።
"አሟት ነው?"
"ኧረ ምንም አያማትም።"
"ታዲያ ምን ሆና ነው?"
መልስ አጣሁ። ለካ ምንም አለመሰማትም ያስፈራል፤
ይህን የትኛው ፈተና ይጠይቃል?

ብርዛፍ አልተከራከረችኝም።
የልጇን ጣት ይዛ ከራሷ ከንፈር ላይ አኖረች፤
"ይኸውልሽ፣ ያንቺ እስኪመለስ በኔው ተጠቀሚ" አለች።

"በሁለት ሰዓት ይመለሳል፣ እንዳትነክሰው አደራ" ብዬ ሸኘሁ፤
ቆየት ብዬ በመስኮቱ አየሁ።
ቸርችልን ሽቅብ፣ በእግር፣ ወደ ፒያሳ፣
ልጅቷ በእቅፍ፣ ጣቷን ከናቷ አፍ ሳታነሣ።

"ለገሃር! የሞላ!"
ሁለተኛው ልጅ ገባ። ፊኛውን ነፋ። ተኛ።
ይትባረክ አሁን አልጠየቀኝም።
እኔ ግን ጠየቅሁ፣ በሆዴ። ትንሽ ቆምኩ።
ከመድኃኒቱ ጥቂት ቀነስኩ።
ወጋሁ።
ማስኬ ውስጥ ምላሴ፣ ማንም ሳያየው፣
የራሴን ከንፈር ይፈልግ ነበር።