ስንት ትጠብቂያለሽ?

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ መብራታችን ጠፍቶ፣
ከላፕቶፗ ባትሪ፣ አሥራ አንድ ቀርቶ ከመቶ፣
ልጄ ስንታየሁ፣ የሥራ ቅጽ ስትሞላ፣
ሁሉን ጽፋ ጨርሳ፣ አንድ ቀረቻት ኋላ፤
ባለአራት ማዕዘን፣ ነጭ ሳጥን፣ ትንሽ፣
«ደሞዝሽን ጻፊ፤ ስንት ትጠብቂያለሽ?»

እጇን ከቁልፎቹ፣ ቀስ ብላ አነሣችና
«አባ፣ ስንት ልበል? ደሞዝ ታውቃለህና።»

አውቃለሁ፤ እውነት ነው።
ሠላሳ አራት ዓመት፣ ወረዳ ፋይናንስ፣ ከመስኮቱ ጀርባ፣
ፔሮል አሰምሬ፣ ስምን ከቁጥር ጋር፣ በወረቀት ሳጋባ፤
ነርሷ ጥሩዓለም፣ ዘበኛው አንሙት፣ መምህሩ አለኸኝ
በየወሩ መጨረሻ፣ ተራ ይዘው ሲቆሙልኝ፣
የማን ደሞዝ በብድር፣ የማን በዕቁብ እንዳለቀ
ከፊርማው አጣጣል፣ ዓይኔ ሳይጠይቅ አወቀ።
ግን «ስንት ትጠብቃለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው
አላየሁም፤ ደሞዝ እርከን ነው፣ ከላይ ነው የሚፈሰው።

«ሥራው ምንድን ነው?» አልኋት።
«ማሽን ማስተማር ነው፤ አማርኛ እንዲገባው፣
ስልክ እንዲያነሣ፣ ደብዳቤ እንዲጽፍ፣ ሒሳብ እንዳይጠፋው።»
«ፔሮልም ይሠራል?»
ዝም አለች። ሳቅሁ እኔ፤
ጡረታ የወጣሁት፣ በጊዜ ነው ለካ፣ ይህን ሳላይ በዓይኔ።

«ያው ሥራ፣ ያው ሌሊት፣ ለባሕር ማዶ ሰው
በወር ሰባት ሺህ ዶላር ነው፣ እጁ የሚደርሰው፤
እኛ ጋ ሲመጣ ግን፣ ኑሮው ርካሽ ነው ብለው
ሩቡን ይሰጡናል፣ በአድራሻችን አስልተው።»
«ኑሮው ርካሽ ነው?» አልሁ። የጤፍ ዋጋ መጣብኝ፣
የዘይት፣ የማዳበሪያ፣ በየሳምንቱ የሚዘልብኝ።
«ማሽኑስ ታዲያ፣ አስተማሪዬ ጎጃሜ ናት ብሎ
ሩቡን ይማራል ወይ፣ ሦስቱን እጅ ጥሎ?»

ሳቀች። ባትሪው ሰባት።

ጣቴን በልማዴ፣ በአውራ ጣቴ ቆጠርሁ፤
ሩቡን ወደ ብር መትቼ፣ ከዕድሜዬ አስተያየሁ፤
የሠላሳ አራት ዓመቴን፣ ሦስት ወሯ ዋጠው።
ደስታ ይሁን ሌላ፣ አላወቅሁም እንጃ፣ ጉሮሮዬን የያዘው።
ብር ከኛ አይርቅም፤ ወንዙን ነው የምለው፤
ክረምት ሲገባ ይሞላል፣ አፈሩን ጠራርጎ፣ ለዓባይ ሊከፍለው።
ብርን ልሻገር ብሎ፣ ብር ይዞት የሄደው
ስንት ልጅ እንደሆነ፣ በየትኛው ፔሮል፣ ማነው የመዘገበው?

«ስንት ዓመት ይቆያል፣ ይህ ሥራሽ?»
«እንጃ አባ።
አምስት፣ ምናልባት ሦስት። የምንሠራው እኮ፣
እኛኑ የሚተካ ነው።»
«ጡረታስ?»
«የለውም። ውል ነው፣ በየስድስት ወሩ የሚታደስ።»

ቡሬ ገበያ ላይ፣ ፊት ዋጋ የጠራ ይጎዳል፤
ገዥን ቀድሞ ማናገር፣ በርበሬ ሻጭ እንኳ ያውቃል።
«እንግዲያው ባዶ ተይው።»
«ባዶ አይቀበልም፤ ሞክሬ ነበር።»

የተወለደች ለት፣ ደሞዝ ከዘገየ፣ ሦስተኛ ወሩ ነበር፤
ሳሙናና ስኳር፣ ከሱቅ በዱቤ፣ ፈርሜ ስበደር
«ስሟን ማን እንበላት?» ቢሉኝ፣ ሌላ ቃል አልመጣም፤
ስንታየሁ አልሁ፤ ያየሁት ስንት እንደሆነ፣
እስከ ዛሬ ድምሩ አልወጣም።

«ሙሉውን ጻፊ» አልኋት፤ «የማዶውን ያህል።
መቀነስ ከፈለጉ፣ ራሳቸው ይቀንሱት፤
እኛስ መቀነስ ይደክመናል።»

ጻፈች። እኔ ግን ዞርሁ፤
የሰው ደሞዝ ሲጻፍ፣ ሳይ ኖሬ ሳይ ኖሬ፣ ዛሬ ማየት አፈርሁ።
ከኋላዬ አንድ ቁልፍ፣ ጠቅ ሲል ሰማሁና
ማያው ጨለመ። ተልኮ ይሁን ሳይላክ፣
ሁለታችንም አላወቅንምና
በጨለማው ውስጥ፣ ዝም ብለን ተቀመጥን፣
ስንት ሰዓት እንደሆነ እንጃ፣
መብራት እየጠበቅን።