የሣጥኑ ፊት

ቁልፍ ሻጭ ነኝ እኔ። የበር አይምሰልህ፤
የካፖርት፣ የሸሚዝ፣ ደረት የሚዘጋልህ።

ፖርቶ ውስጥ፣ ወደ ወንዝ በሚወርደው መንገድ፣
ትራም ባለፈ ቁጥር መስታወቷ የሚርድ
ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ሁለት ሰው ከገባ
ሦስተኛው በር ላይ ነው፣ ጃንጥላው ሲያነባ።

ከአባቴ ነው የወረስኳት፣ ከነመሰላሉ፣
ከነዕዳዋ ጭምር፣ ከነመሳቢያው ሁሉ።
አራት መቶ ሣጥን ግድግዳውን ሞልቶ፣
በእያንዳንዱ ፊት ላይ አንድ ቁልፍ ተሰፍቶ
ውስጡን ይናገራል፤ ገዢው እንዳይቸገር፣
ክዳን ሳይከፍትለት ሻጩ እንዲነጋገር።
«ናሙና አይሸጥም!» ይህ ነበር ሕጋችን፤
ከዕዳው ቀጥሎ ትልቁ ውርሳችን።

የገና ሳምንት ነው። ከአደባባዩ ላይ
ባለ ስድስት ፎቁ ሱቅ ያበራል እንደ ፀሐይ።
ሰው እዚያ ይጋፋል፤ ተመሳሳይ ሻርፕ ገዝቶ፣ ተመሳሳይ ሽቶ፣
በተመሳሳይ ከረጢት ይወጣል፣ ደክሞና ተቆጥቶ።
ወደኔ የሚመጣው ዝናብ የያዘው ነው፣
ወይ መንገድ የጠፋው፣ ወይ ሽንት ቤት ያጣው።

ማክሰኞ ሲመሻሽ፣ መብራት ላጠፋ ስል፣
አንዲት ልጅ ገባች፤ ቀይ ቦት ጫማ፣ ራሷ ላይ ፌስታል።
«ቤኔዲታ እባላለሁ» አለች፣ «ሦስት ዩሮ አለኝ፤
ለእናቴ ስጦታ፣ ሌላ ሰው የሌለው፣ ፈልግልኝ።»

«ሪባን አለ» አልኳት፣ «መርፌ አለ፣ ክር አለ፣
ዳንቴል አለ፣ ቁራጭ፣ ዋጋው የቀለለ።»
ራሷን ነቀነቀች። ከኪሷ አወጣች
የታጠፈ ወረቀት፤ ዘርግታ አሳየች፤
በእርሳስ የተሣለ ክብ፣ መሀሉ ላይ መልሕቅ፣
ዙሪያው እንደ ገመድ የተፈተለ፣ ረቂቅ።

«ካፖርት አላት እናቴ፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ፤
አውቶቡስ ስትነዳ ተበጥሶባት አንዴ
አንዱ ቁልፍ ጠፋ። በመርፌ ቁልፍ ይዛ
ሦስት ክረምት ለበሰችው፣ ስቃ፣ እንደ ዋዛ።
እኔ ግን አያታለሁ፤ ሰው ፊት ስትቆም
በእጇ ትሸፍነዋለች፣ ሆዷን ባያማትም።»

ወረቀቱን አየሁ፤ ዝም አልኩ ለጊዜው።
ያንን መልሕቅ አውቀዋለሁ፤ ስሸጠው የኖርኩት እኔው ነኝ፣ እኔው።
ሣጥን ሁለት መቶ ሰባት። ካለቀ ሃያ ዓመት፤
የሠራው ፋብሪካ ዛሬ ሆኗል ሆቴል ቤት።

መሰላሉን ወጣሁ፣ ጉልበቴ እያጉረመረመ፤
ሣጥኑ ባዶ ነው፤ አቧራ በአቧራ ላይ የተጋደመ።
ፊቱ ላይ ግን አለ፣ አባቴ የሰፋው፣
ያው መልሕቅ ራሱ፣ ጊዜ ያላጠፋው።

ናሙና አይሸጥም። መቀሱን አነሣሁ።
ናሙና አይሸጥም። አስቀመጥኩት፣ ፈራሁ።
ልጅቷ ከታች ሆና፣ አንገቷን አቅንታ፣
ፌስታሏን አውልቃ ትጠብቃለች በጸጥታ።

ቆረጥኩት።

«ውሰጂው በነጻ» አልኳት። ፊቷ ተቀየረ።
«ያኔማ ሰጪው እርስዎ ነዎት፤ የኔ ስጦታ ምኑ ላይ ቀረ?»
እኔ ሃምሳ ሳንቲም ስል፣ እሷ ሁለት ዩሮ፤
ሻጭ ዋጋ ሲቀንስ፣ ገዢ ሲጨምር በእሮሮ፣
እንዲህ ያለ ገበያ በዕድሜዬ አላየሁም።
በአንድ ተስማማን። አረንጓዴ ክር ጠቀለልኩበት፤
ወይ አላየችውም፣
ወይ አይታ ዝም አለች።

ሁለት መቶ ሰባት ፊት የለውም አሁን፤
ሁለት የክር ቀዳዳ አፍጥጠው ያዩኛል ቀን ቀን።

ከገና በኋላ፣ ፌርማታው አጠገብ፣
አረንጓዴ ካፖርት አየሁ፣ በሰው መሀል፣ በዝናብ።
ቁልፎቹን አልቆጠርኩም፤ ዓይኔ አይደርስም እዚያ፤
ሁለቱም እጆቿ ግን ሥራ ፈተው ይወዛወዛሉ፣ ወዲህና ወዲያ።

በበነጋው ደግሞ አንድ ጎብኚ ገብቶ፣
ከሣጥን ዘጠና የቀንድ ቁልፍ አይቶ፣
«ሃያ ዩሮ!» አለኝ፣ ናሙናዋን ሽቶ።
«ናሙና አይሸጥም!» አልኩት ኮስተር ብዬ፣
ሁለት መቶ ሰባትን በጀርባዬ ከልዬ።