አርባ ጊዜ ወደ ፊት

ኮዬ ፈጬ ጫፉ ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ብሎኬቱ ራቁት፣ ግቢው ሁሉ ጭቃ፣
ስልሳ ሁለት ልጆች፣ አንድ ክፍል አለኝ፤
ኮዲንግ አስተምር አሉኝ፤ ኮምፒውተር ማን ሰጠኝ?

የሰጡኝ አንዲት ጥንዚዛ፣ ቢጫ እንደ ሎሚ ቀለም፣
በጎማ የምትድህ፤ ስክሪን ሚባል የለም፤
ጀርባዋ ላይ ቀስት አለ፦ ፊት፣ ኋላ፣ ቀኝና ግራ፣
መሐሉ ላይ "ሂጂ"፤ እሱን ሲነኩት ነው ሥራ።

ማታ ቤቴ ወስጄ፣ መብራት ከመጣ ሞልቼ፣
ጠዋት በፌስታል ቋጥሬ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆሜ መጥቼ፣
መሬት ላይ ሳኖራት ስልሳ ሁለት አንገት ይመዘዛል።
"ዙሪ!" ይላታል አንዱ፤ ቁልፍ ሳይነካ ይጮኻል።
"አትሰማም" እላቸዋለሁ፤ "ጆሮ አልገጠሙላትም።
ይሉኝታም አልገጠሙላት፤ የልባችሁን አታውቅም።
ያላችኋትን ትሄዳለች፤ ያላላችኋትን አትሄድም።"

ማክሰኞ ዕለት
ሰፈሩን በጠመኔ ወለሉ ላይ ሣልን፤
ታክሲ ተራውን፣ ወፍጮውን፣ ቦኖውን፣ በካሬ በካሬ ከፈልን።
"ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ውሰዷት" አልኳቸው።
ፊራኦል በአሥራ አንድ ቀስት ጨረሰ፤ ቀደማቸው፤
ግን የነዳት በብሎክ ሰማንያ ሦስት መሐል።
"ግድግዳ ነው እኮ!" ብንለው፣
"እዚህ ጋ የኛ ሽምብራ ነበር፤ መንገዱም በዚህ ያልፋል"
አለ፣ አፉን ሞልቶ።

ቀጥሎ ሙኒራ።
ከመጣች ሦስት ሳምንቷ፤ ከካዛንቺስ ተነሥተው።
ካርታው ላይ ቤቷን አልፈለገችም። ቁጢጥ አለች፤ ጣቷን ሰደደች፤
ወደ ፊት። ወደ ፊት። ወደ ፊት።
ልጆቹ መቁጠር ጀመሩ፤ መጀመሪያ እየሣቁ፣
ሃያ ላይ ዝግ እያሉ፣ ሠላሳ ላይ እየተሳቀቁ።
አርባ ላይ ጥንዚዛዋ ጢጥ አለች፦ ከዚህ በላይ አልይዝም።
"ሂጂ" አለቻት ሙኒራ።

ሄደች። ቦኖውን አለፈች፣ ወፍጮውን፣ የጠመኔውን ዳር፤
ካርታችን አለቀ፤ እሷ ግን አታውቅም ድንበር፤
በዴስክ እግር መሐል ወጥታ የበሩ ደፍ ያዛት፤
ጎማዋ በባዶ ይሽከረከራል፤ ማንም አልነካት።
"ስሕተት" ልል አፌን ከፈትኩ።
የቱ ጋ ነው ስሕተቱ? ትእዛዟ ልክ ነው፤
ወለሉ ነው ያጠረው።

ፊራኦል ተነሣ። ሁለት እጁን ለጫጩት እንደሚዘረጋ ዘርግቶ
አነሣት፣ ደፉን አሻገራት፣ ጭቃው ላይ አኖራት።
"ወደ ፊት ነው ያለቻት" አለን፣ ቆጣ ብሎ።
ስንት እንደቀራት አልቆጠርንም። ባንዲራው እንጨት ሥር ቆመች፣
አፍንጫዋ ወደ ከተማ።

ረቡዕ ጠዋት ስመጣ
ካሬው ከክፍል ወጥቷል፤ በደፉ፣ በደረጃው ዞሮ፣
ጭቃው ላይ በእንጨት ተጭሮ፣
እስከ አጥሩ ቆርቆሮ።
እዚያም አላቆሙም። ጠመኔው አልቆ ኖሮ
ሙኒራ ቆርቆሮው ላይ በከሰል ቀጥላለች፤
ፊራኦል ከኋላዋ
"አርባ አንድ" ይላል።