የልኬት ደብተር

ማክሰኞ ሲመሽ ሸዋ በር፣ ከአሊጋዝ ስፌት ቤት፣
ሲንጀሩ ዝም ይልና፣ ይከፈታል መስኮት፤
መስኮት ያልኩት ቴሌቪዥን ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣
ሰላይ ከሰላይ ጋራ፣ በመኪና የሚጋጭ።

ዋናውን ሰው ተዉት፤ እሱማ አይሞትም፣
ጥይት ቢዘንብበት እንኳ፣ ኮቱ አይጨማደድም።
እኛ የምንጠብቀው፣ እንግዳውን ተዋናይ፣
የግራ ጆሮው ጫፍ ጎዶሎ፣ አንዴ ብቻ የሚታይ።
ባለፈው ኮሎኔል ነበር፣ መርዝ ጠጣና ሞተ፤
ዛሬ በሌላ ድራማ፣ ጺም አብቅሎ፣ የሰዓት ሱቅ ከፈተ።
«ጆሮውን! ጆሮውን እይ!» አሊጋዝ ብድግ ብሎ፣
ስፒል በከንፈሩ ነክሶ፣ የሰው ሱሪ ጥሎ።

ስሙን ግን አናውቅም። መጨረሻ ላይ ጽሑፉ ሲሮጥ፣
እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ፊደል ስንቆርጥ፣
መብራት ጥፍት!
ስለዚህ የልኬት ደብተሩ፣ በጀርባው በኩል፣
«ባለ ጆሮው፦ ሰባት ጊዜ ሞቷል» ይላል።

በሰኔ አንድ ሰው መጣ፣ ካኪ ኮት ሊያሰፋ፤
የጨው ነጋዴ ነኝ አለ፣ ከባቲ፣ ስሜ ሙስጠፋ።
በነሐሴ ባለ መነጽር፤ መምህር፣ ስሙ ተኮላ፤
በጥቅምት ስም አልነገረን፤ ወሬው ሁሉ ስለ ሌላ።
አሊጋዝ ሜትሩን ዘረጋ። ደረት ዘጠና ስድስት፣
ትከሻ አርባ አራት፣ ግራው በአንድ ጣት ዝቅ ያለበት።
ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠ። ገለጠ። ዝም አለ።
በሦስት ስም፣ በሦስት ገጽ፣ አንድ ትከሻ አለ።

«ለቅዳሜ ይደርሳል» አለው፤ አስተካክሎ ሳቀለት፤
ሰውየው ሲወጣ በሩን፣ የጦሳ ብርድ ዘጋለት።

ያን ማክሰኞ ቴሌቪዥኑን፣ ማንም አልከፈተም።
በደብተሩ ጀርባ ብቻ፣ ከሰባቱ ሞት ሥር፣ በእርሳስ፦
«ሦስት ጊዜ መጣ። አልሞተም።»